ብልቴ ጎበጠብኝ ብዬ ሄጄ ስኳር ተገኘብኝ

ይህን የምጽፈው በዋናነት ለወንዶች ነው። ሴቶችም ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ ባላችሁ ድንገት ዝም ቢልባችሁ ምናልባት ምክንያቱ እዚህ ውስጥ ይኖራል። ሃምሳን ተሻግሬያለሁ። ፒያሳ አካባቢ ልብስ ስፌት ቤት አለኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሱፍ ነው የምሠራው። ባለትዳርና የልጆች አባት ነኝ። ስሜን አልጠቅስም። ደንበኞቼ ሱሪ ስለካቸው ሳቃቸው እንዳይመጣ ብዬ ነው።

የያዘኝ በሽታ ፔይሮኒ ይባላል። ብልት ውስጥ ጠባሳ ይፈጠርና ሲቆም ያጎብጠዋል። ስሙን ያገኘው የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 15ኛ ቀዶ ሐኪም ከነበረው ከፍራንሷ ዢጎ ደ ላ ፔይሮኒ ነው። ሰውዬው በ1743 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለዚህ ነገር ጽፏል። እኔ ደግሞ በዓለም ላይ የመጀመሪያው ሰው የሆንኩ መስሎኝ ስንት ሌሊት አልተኛሁም!

ሲጀምር ሕመም ነው የነበረው። ሲቆም አንድ ቦታ ላይ ይጠዘጥዘኛል። ቀጥሎ እዚያው ቦታ ላይ፣ ከቆዳው ሥር፣ ጠጠር ያለ ነገር በጣቴ ዳሰስኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወደ ላይ መጉበጥ ጀመረ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ አእምሮው የሚሮጠው ወደ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ካንሰር፣ ሌላው የአባላዘር በሽታ። ሁለቱም አይደለም። ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ጭንቀት በቀረልኝ።

የነገረኝ ሰውማ አልጠፋም። ለአንድ ልብ ጓደኛዬ ማኪያቶ እየጠጣን ሹክ አልኩት። «ብርድ ነው» አለኝ፣ ምንም ሳያመነታ። «ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በማር ብላ፣ ወገብህን ሸፍነህ ተኛ።» አንድ ክሊኒክ ደግሞ ሳያየኝ ኢንፌክሽን ነው ብሎ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘልኝ። ፋርማሲ ስሄድ ቫይታሚን ኢ ሸጡልኝ፤ «ጠባሳ ያለሰልሳል» ተባልኩ። ቫይታሚኑን እስኪሰለቸኝ ዋጥኩት። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ሐኪሞች ማኅበር በ2015 ባወጣው መመሪያ ለዚህ በሽታ የሚዋጥ ቫይታሚን ኢ እንዳይታዘዝ ይመክራል። ኦሜጋ 3ም እንዲሁ። ስለዚህ ገንዘባችሁን ለምርመራ አቆዩት።

በመሀል ቤቴ ውስጥ ሌላ ጣጣ ተፈጠረ። ባለቤቴን መሸሽ ጀመርኩ። የሚሰፋ ሳይኖር ሱቅ አመሻለሁ። ስገባ ደክሞኛል ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። አንድ ቀን ምሽት እራት አቅርባ አጠገቤ ተቀመጠችና «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ሌላ ሴት አለች እንዴ?» አለችኝ። ሳቄም እንባዬም አብረው መጡ። የነበረውን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እና ይህን ደብቀህ ነው ያን ሁሉ ሌሊት በጭቅጭቅ የጨረስነው?» አለች። በማግስቱ ሐኪም ያፈላለገችው እሷ ናት። ለማን ልንገር ብላችሁ ግራ ከገባችሁ ከጓደኛ በፊት ለሚስታችሁ ንገሩ። እሷ ጠርጥራ የምታስበው ሁልጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው።

የሄድነው ወደ ዩሮሎጂስት ነው፤ የሽንት ቧንቧና የወንዶች ብልት ስፔሻሊስት ማለት ነው። ገና ወጣት ነው፣ በኩር ልጄን ቢያክል ነው። አፍሬ መሬት መሬት እያየሁ የሆነውን ነገርኩት። ጽፎ ጨረሰና ያላሰብኩትን ነገር ጠየቀኝ።

«እጅዎን ያሳዩኝ።»

«ዶክተር፣ እኔ የመጣሁት ለእጄ አይደለም።»

«አውቃለሁ ጋሼ። መዳፍዎን ጠረጴዛው ላይ ይዘርጉልኝ።»

ዘረጋሁ። የግራዬ ልጥፍ ብሎ ተኛ። የቀኜ አልተኛም። ከቀለበት ጣቴ ሥር ተነሥቶ ወደ መዳፌ መሀል የሚወርድ ጠንካራ ነገር አለ፣ ከጎኑ ቆዳው ሰርጎድ ብሏል። እኔማ አውቀዋለሁ። ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት ጠረጴዛው ላይ በመዳፌ ስደመድም ይሰማኛል። ካውያ ስይዝም ይሰማኛል። ከመቀስ የመጣ የደነደነ ቆዳ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ለካ እሱም ስም አለው። ዱፒትሬን ይባላል፤ መዳፍ ውስጥ ያለው ሽፋን እየወፈረና እየተኮማተረ ጣትን፣ በተለይ የቀለበት ጣትንና ትንሿን ጣት፣ ቀስ በቀስ የሚያጥፍ ችግር ነው። ፔይሮኒ ካለባቸው ወንዶች መካከል ይህ የእጅ ችግርም ያለባቸው ጥቂት አይደሉም። ሐኪሙ ጫማዬንም አስወልቆ የእግሬን ውስጥ አየ። ተመሳሳይ ነገር እግር ላይ ሲወጣ ሌደርሆዝ ይባላል። እኔ እሱስ የለብኝም።

ከዚያ «አባትዎ እንዲህ ያለ ነገር ነበራቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ ነው ድርቅ ያልኩት። አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲመርቀን እጁ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም ነበር። ሁለቱ ጣቶቹ እንደታጠፉ «አሜን» እንላለን። ሰፈሩ ሁሉ ምን ይል እንደነበር ታውቃላችሁ? «ብርድ መትቶት ነው።» የእጁንም ብርድ፣ የእኔንም ብርድ! ነገሩ በዘር የሚሄድ ዝንባሌ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ጠባሳ የሚሠራው የሰውነት ክፍል ማቆሚያ አያውቅም፣ ከሚገባው በላይ ይሠራል።

ሐኪሙ ብልቱ ላይ የሆነውን ያስረዳኝ በሥዕል ነው። ውስጥ በደም የሚሞሉ ሁለት ረጃጅም ክፍሎች አሉ። እነሱን የሚጠቀልል ጠንካራ ግን የሚለጠጥ ሽፋን አለ። ሽፋኑ አንድ ቦታ ላይ ጠባሳ ሲይዝ እዚያ ጋ መለጠጥ ያቆማል። እኔ በሙያዬ ወዲያው ገባኝ። እጅጌ ሲሰፋ አንዱ ጎን ክሩ ከተሳበ ሙሉ እጅጌው ወደዚያ ይዞራል፤ ልክ እንደዚያ ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ በግንኙነት ወቅት የሚደርስ ትንሽ ጉዳት እንደሆነ ይታሰባል፤ ባለቤቱ ጨርሶ ላያስታውሰው ይችላል። ጉዳቱ ብዙ ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል፣ ጠባሳ የሚያወጣው ግን ሁሉም አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሐኪሙ ጥያቄውን አላቆመም። ውኃ ይጠማዎታል? ሌሊት ለሽንት ይነሣሉ? ሲጋራ ያጨሳሉ? ደም ግፊት ተለክተው ያውቃሉ? ሲሄዱ ደረትዎን ይይዝዎታል? መቆሙስ እንደ ድሮው ነው ወይስ ደከም ብሏል? ለአብዛኛው መልሴ «አዎ፣ ግን...» የሚል ነበር። ሌሊት እነሣለሁ፣ ግን ሻይ ስለማበዛ ነው። ይጠማኛል፣ ግን ከካውያው ሙቀት ነው። ደከም ብሏል፣ ግን ከዕድሜ ነው። ለእያንዳንዱ ነገር ምክንያት ነበረኝ።

ደም ሰጠሁ። ስኳር ነበረብኝ። አዲስም አይደለም፤ የሦስት ወሩ ምርመራ (ያለፉትን ሦስት ወራት ገደማ አማካይ ስኳር የሚያሳየው) ቁጥሩ ሲታይ የቆየ ነገር መሆኑን ያሳብቃል። የደም ግፊቴም ከፍ ብሏል። ለማታውቁት ልንገራችሁ፦ ሳይበሉ የሚሰጥ የስኳር ምርመራ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም የሦስት ወሩ 6.5 ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር በሽታ ነው ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ምርመራው ተደግሞ ነው የሚረጋገጠው። ግፊት ደግሞ በተደጋጋሚ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ችላ አይባልም።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ። ስኳር ያለበት ሁሉ ብልቱ ይጎብጣል ማለት አይደለም። የጎበጠበት ሁሉ ስኳር አለበት ማለትም አይደለም። አብረው መታየታቸው ግን በአጋጣሚ አይደለም። ስኳር ትንንሽ የደም ሥሮችን ይጎዳል፣ ቁስል የሚድንበትን መንገድ ያበላሻል። የእጁም ችግር ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ሲጋራ፣ ግፊትና ኮሌስትሮልም እዚሁ ሰንሰለት ውስጥ ይገባሉ። ስንፈተ ወሲብ ደግሞ ከሁሉም ጋር ጥብቅ ዝምድና አለው። ሐኪሙ ያለኝ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም፦ የብልት የደም ሥር ከልብ የደም ሥር ይቀጥናል፣ ስለዚህ መጥበብ ሲጀምር መጀመሪያ የሚታወቀው እዚያ ነው። መቆም አቃተኝ የሚል ሰው ልቡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊጠይቀው የሚችለውን ጥያቄ ቀድሞ ሰምቷል ማለት ነው።

ለዚህ ነው ጓደኛ የሚሰጣችሁን ሰማያዊ ክኒን፣ ለመቆም የሚያግዘውን ቪያግራ ማለቴ ነው፣ ዝም ብላችሁ አትዋጡ የምለው። ክኒኑ ለብዙ ሰው ይሠራል፣ ሐኪም ካዘዘው እሰየው። ነገር ግን ለደረት ሕመም ናይትሬት የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከዋጠው ግፊቱን አደገኛ በሆነ መጠን ይጥለዋል። ደግሞም ክኒኑ ስኳሩን ይደብቅባችኋል። ነገሩ ተስተካከለ ብላችሁ ዓመት ትቀመጣላችሁ።

ስለ ሕክምናው ልንገራችሁ፣ ተስፋውንም ልኩንም። በሽታው ሁለት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው ሕመም አለ፣ ጉብጠቱም ይቀያየራል። ይህ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ድረስ ይቆያል። ከዚያ ሕመሙ ይጠፋል፣ ጉብጠቱ ባለበት ይቆማል። ሕመሙ አብዛኛው ሰው ላይ በራሱ ይሄዳል። ጉብጠቱ ግን በራሱ የሚቃናው ለጥቂት ሰው ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ቀዶ ጥገና አይሠራም፤ ነገሩ ገና እየተለዋወጠ ስለሆነ ዛሬ ያቃኑት ነገ ተመልሶ ይጎብጣል። እኔ በዚያ ጊዜ ማስታገሻ ነበር የምወስደው። ቀለል ያለ ጉብጠት ኖሮት ግንኙነት ማድረግ የሚችል ሰው ምንም ሕክምና ላያስፈልገውም ይችላል።

ዲሲ ያለው የአጎቴ ልጅ ጉዳዩን ሲሰማ «እዚህ መርፌ አለ፣ ልላክልህ?» አለኝ። መርፌው እውነት አለ። ኮላጅኔዝ ይባላል፣ አሜሪካ ውስጥ ለፔይሮኒ የተፈቀደው በ2013 ነው። ለእጁም ቀደም ብሎ በ2010 ተፈቅዷል። ዶክተሬ ግን ጉዳዩን ሳነሣበት ራሱን ነቀነቀ። መርፌው በተለይ የሠለጠነ ሐኪም ጠባሳው ውስጥ ራሱ የሚወጋው ነው፣ ሲያመልጥ ብልት እስከ መሰበር የሚደርስ ጉዳት አለው። በሻንጣ ተልኮ ሰፈር ውስጥ የሚወጋ አይደለም። ዲሲ ለሚኖር ሰው ይሁን፣ ለእኔ በዚህ መንገድ አይሆንም።

ሌላው ቀዶ ጥገና ነው። አንደኛው ዓይነት ረጅሙን ጎን በስፌት አሳጥሮ ያስተካክላል። ትንሽ ርዝመት ይወስዳል፣ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሌላው ጠባሳውን ቀዶ በምትኩ ሌላ ህብረ ሕዋስ ይለጥፋል፤ ይህ ደግሞ የመቆም አቅምን ሊያዳክም ይችላል። እንደ ሰፊ ሳስበው ማጥበብና መጣፍ ነው፣ ግን ጨርቁ የራስ ሲሆን ወሬው አይጥምም።

ሐኪሙ ጉብጠቱን ለመለካት ቤት ውስጥ ሲቆም ፎቶ አንሣ ይላችኋል፣ ከጎንና ከላይ። አትደንግጡ፣ የተለመደ ነው። ብቻ በቴሌግራም እንዳትልኩ። ልጆቻችሁ ስልካችሁን የሚነካኩ ከሆነ ወይም ለጥገና የምትሰጡት ከሆነ ደግሞ አሳይታችሁ ወዲያው አጥፉት። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ስልኬን ደረት ኪሴ ውስጥ ቆልፌ ነው የዞርኩት።

አንድ ነገር ደግሞ ቸል አትበሉ። በግንኙነት መሀል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ወዲያው ከረገበ፣ ካበጠና ከጠቆረ ያ ፔይሮኒ አይደለም። ስብራት ነው። ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። በደንብ ሳይቆም እያስገደዱ መሞከርም እንዲህ ላለው ጉዳት ያጋልጣል።

ድብርቱን ሳልናገር አላልፍም። እንቅልፍ አጣሁ፣ ምግብ አልጥምህ አለኝ፣ ደንበኛ ላይ መቆጣት ጀመርኩ። የጀመርኩትን ኮት ሳልጨርስ ለቀናት እሰቅለው ነበር። አሜሪካ ውስጥ በፔይሮኒ ታካሚዎች ላይ በተደረገ አንድ ጥናት ግማሽ ያህሉ የድብርት ምልክት ተገኝቶባቸዋል። ሐኪሜ አማካሪ እንዳናግር ሲነግረኝ የመለስኩት «አማኑኤል ልትልከኝ ነው?» ብዬ ነበር። እንዲህ ነን እኮ! በኋላ ግን ሄድኩ፣ ከባለቤቴም ጋር ሄድን። መድኃኒት አላስፈለገኝም። ለአንዳንዱ ያስፈልገዋል፣ ነውርም የለውም።

ገንዘብ ለሚያሳስባችሁ፦ ስኳርና ግፊት ለማየት ትልቅ ሆስፒታል አያስፈልግም። የአካባቢያችሁ ጤና ጣቢያ ይሠራዋል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ በራሳችሁ ዘላችሁ ከሄዳችሁ መድኑ ላይሸፍንላችሁ ይችላል። ጤና ጣቢያ ስትገቡ «የግል ጉዳይ አለኝ፣ ለብቻ ነው የምናገረው» በሉ፤ ካርድ ክፍል ላይ ዝርዝሩን እንድትናገሩ የሚያስገድድ የለም። ሐኪሙ ጋ ስትገቡ ግን ሁሉንም ዘርግፉት። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ግቡ፣ የግፊቱን ጨምሮ። በራሳችሁ ፈቃድ ደግሞ አንዱንም አታቋርጡ።

የእኔ ኑሮ አሁን ትንሽ ተቀይሯል። ሻዬ ያለ ስኳር ነው፣ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት መድኃኒት ይለኝ ነበር፣ ለመድኩት። ሲጋራውን ተውኩ፤ እሱ ነው ከሁሉም የከበደኝ። ማታ ሱቅ ስዘጋ ታክሲ አልይዝም። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ለገሃር በእግሬ እወርዳለሁ። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፣ ብዙ ሰው እየተራመደ ይወርዳል፣ አይደብርም። ጾም ሲገባ የስኳር መድኃኒቴን ሰዓት ከሐኪሜ ጋር አስተካክላለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መድኃኒት መዋጥ አንዳንዱን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ስኳሩን ጣል ያደርግበታል። የእጄ ጉዳይ ገና ቀዶ ጥገና አልደረሰም። በየጊዜው መዳፌን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አየዋለሁ፣ ጣቴ መታጠፍ ከጀመረ የእጅ ቀዶ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ።

ለታናሽ ወንድሜም ደወልኩለት። የአባታችንን እጅ አስታወስኩትና «መዳፍህን ጠረጴዛ ላይ ዘርጋ እስቲ» አልኩት። «ምን ነካህ፣ ጠንቋይ ሆንክ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም አለ። ስኳሩን ተመርምሯል፣ ለጊዜው ደህና ነው።

ስለ ጉብጠቱ ሐኪሙ ያለኝ እንዲህ ነው፦ ነገሩ ባለበት ቆሟል፣ ቀዶ ጥገና ይቻላል፣ ግን ስኳሬ መጀመሪያ መውረድ አለበት፣ አለዚያ ቁስሉ በደንብ አይድንም። የሚቀጥለው የሦስት ወር ምርመራ ጥሩ ከሆነ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን ብሎኛል። ባለቤቴ «ለእኔ ብለህ ከሆነ ተወው» ትላለች። እኔ ገና አልወሰንኩም።